የመታጠፊያው በቆሎ

ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል የመጣችው ለልጇ ቅያሪ ልብስ ልትወስድ ነበር፤ ግን ቤቷ ሳትገባ ከጎረቤት ማጭድ ተውሳ የጡረተኛዋን አዋላጅ በር አንኳኳች።

"ትራፊኩ ከሰዓት ሜትር ይዞ ይመለሳል፤ ሳይመጣ በቆሎውን ይጨዱት" አለቻቸው።

"ልጅቷስ?"

"እግሯ ተሰብሯል። ሌላው ደህና ነው ብለውኛል።"

በቆሎው ያለው መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። ቦታው ለዓመታት የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ኖሯል፤ ማዘጋጃ ቤቱ አያነሳ፣ ሰዉ መጣሉን አይተው። አዋላጇ ማንንም ሳያስፈቅዱ ጠርገው፣ ቆፍረው ዘሩበት። ሰፈሩም "የግብርና ሚኒስትራችን" ይላቸው ጀመር፤ በስሙ ሳይኮሩ አልቀሩም። ዛሬ ጠዋት አንድ የታክሲ ሹፌር እዚያ ሲታጠፍ ልጅቷን ገጫት። በቆሎው ከልሎኝ ነው ቢል ማን ይስማው፤ ጣቢያ ወሰዱት። ትራፊኩ የዘራው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ የሰፈሩ ሰው ባንድ አፍ በራሱ የበቀለ ነው አለ። በራሱ የበቀለ፣ ያውም በመስመር፣ ተኮትኩቶ።

"ያ ሹፌርስ?" አሉ አዋላጇ።

"እሱን ሕግ ያውቀዋል። ልጄን ስወልድ የተቀበሏት እርስዎ ነዎት፤ በእሷ ሰበብ ቢታሰሩ በምን ዓይኔ አይዎታለሁ?"

አዋላጇ ማጭዱን ተቀብለው ወጡ። ከመጨዳቸው በፊት ግን አስፋልቱን ተሻግረው ታክሲው በመጣበት በኩል ቆሙ። ሦስት ወር ሙሉ ሲኮተኩቱ አንድም ቀን ከዚህ አቅጣጫ አይተውት አያውቁም። ሹፌር ተቀምጦ ነው የሚነዳው ብለው ጎንበስ አሉ። የሚታያቸው ቅጠል ብቻ ነው፤ ልጅቷ የወደቀችበት የእግረኛ ማቋረጫ ጭራሽ የለም። አፈሩ። በዚህ ዕድሜያቸው እስር ቤት መግባቱም ታያቸው።

ተመልሰው አንዱን አገዳ ጨበጡ፤ ማጭዱን አስጠጉና ቆዩ። እንደዚያ እንዳሉ ትራፊኩ ብቻውን ደረሰ። ሜትሩን የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ድንገት ሥራ በዛበት። ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ላይ ሆና አይጠጉት በሚል ራሷን ነቀነቀችላቸው።

አዋላጇ ማጭዱን መሬት አስቀመጡ።

"አምጣ፣ ጫፉን እኔ ልያዝልህ ልጄ" አሉት። "ስትጽፍም በራሱ በቀለ እንዳትል። ወደ አስፋልቱ አስጠግቼ የዘራሁት እኔ ነኝ።"