ዓይን የሚያስጨፍን ዜማ

ሰነፍ ነኝ፤ ከስንፍናዬ ልጀምር። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሀዲይኛ አዲስ መዝሙር እንድሠራ የሆሳዕና ቀበሌያችን አንድ ሳምንት ሰጠኝ። ስድስቱን ቀን ዳማ ስጫወት ጨረስኩት። በሰባተኛው አኮርዲዮኑን አነሳሁ። አኮርዲዮኑ የቤተ ክርስቲያናችን ነበር፤ ቤቱ ሲታሸግ ቀበሌው ወረሰው፣ እኔንም አብሮ ወስዶ ኪነት ቡድን ውስጥ ከተተኝ። ጣቶቼ ከልጅነቴ የለመዱትን ዜማ አወጡ። እኔ "ጌታ" የነበረበት ላይ "አብዮት" አስገባሁና ማን ያውቅብኛል ብዬ ተኛሁ።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ካድሬው ጓድ ወንዳፈረው ከፊት ተቀምጧል፤ በቅርቡ የተሾመ፣ ሀዲይኛ የማይሰማ ሰው ነው። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ከኋላ ያሉት እናቶች አብረው ያዜሙ ጀመር። ይባስ ብሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ጋ ዓይን ተጨፍኖ የሚዘመረው ለማን እንደሆነ ካድሬም ያውቃል።

ወንዳፈረው እጁን አነሳ። አቆምን።

"ጓድ አበራ፣ አዲስ ነው አላልክም?"

"አዲስ ነው፣ ጓድ።"

"ታዲያ እነዚህ ከየት አወቁት?"

ባለፈው ወር ቤት ውስጥ ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘምሩ የተያዙ ሦስት ሰዎች ገና አልተፈቱም። ወንዳፈረው ዞሮ እማማ አስካለችን አስነሳ። የመዘምራን አስተማሪያችን የነበሩ ናቸው፤ እንደማይዋሹ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለአንዲት ቀን እንዲዋሹልኝ ጸለይኩ።

"እማማ፣ ዜማውን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው።"

"ማን አመጣው?"

"እኔ ነኝ ለዚህ ልጅ ያስተማርኩት። ሌላ አላስተማርኩትም፤ ከየት ያምጣ?"

ወንዳፈረው ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው?"

የመረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም እንኳ አላልኩም።

"እውነት ነው፣ ጓድ" አልኩ። ውሸትም አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሁለት ታጣቂዎች ይዘዋቸው ወጡ። እማማ በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩኝና "አዝማቹን አፍጥነኸዋል" አሉኝ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ያለ ቁጣ።

ስምንት ወር ታሰሩ። ስንቅ የሚያደርሱላቸው እነዚያ እናቶች ነበሩ። እኔ አንድ ቀን እስከ እስር ቤቱ በር ሄጄ ተመለስኩ። ፈርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አፍሬ ነው።