አራተኛው ፊርማ

ሃያ ሁለት ዓመት የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ያስተዳደረን ሰው "ተማሪ እንዴት እንደሚደመጥ እናስተምርህ" ብሎ አዳራሽ ውስጥ መዝጋት ምን ይሉታል? እትዬ ቁልፍ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከተቀመጡ ጀምሮ ይህንኑ እያጉረመረሙ ነው። እትዬ ቁልፍ የተባሉት ወገባቸው ላይ ያለው የቁልፍ ዘለላ ሁልጊዜ ከሳቸው ቀድሞ ኮሪደሩ ላይ ስለሚሰማ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

ስልጠናው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጠዋት ከማደሪያው ሊወጡ ሲሉ የሰባት ቁጥር ክፍሏ ቀጮ በሩ ላይ ቆማ አገኟት። ሁለተኛ ዓመት ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓደኞቿ ለእራት ሲወጡ እሷ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ትቀራለች። ዛሬ ጭራሽ ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለቻቸው።

"ስልጠና አለብኝ የኔ ልጅ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ስመለስ እናወራለን።"

"እሺ" አለች። ያቺ እሺ ቀኑን ሙሉ ጆሯቸው ላይ ቀረች።

ሁለት ሰዓት የተባለው ስልጠና መክፈቻ ንግግሩ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። አሰልጣኙ ኮቱ የጠበበው ወጣት ነው፤ ሕጉን ገና ሲጀምር ነገራቸው። ስልክ ይጠፋል። በር ይዘጋል። አቋርጦ የወጣ ሰርተፊኬት አያገኝም፤ ሰርተፊኬት የሌለው ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከተማሪ ጋር አይሠራም። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተጨነቀ ተማሪ ምልክቶችን አበራ፦ ከምግብ መራቅ፣ ከሰው መሸሽ፣ ቀኑን ሙሉ መተኛት። እትዬ ቁልፍ እያንዳንዱን ሲያነቡ ቀጮ ፊታቸው ላይ ድቅን ትላለች። አላስችል ብሏቸው እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ምልክት ያለባት ልጅ ማደሪያ ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው። አንድ ጊዜ ደረስ ብዬ ልምጣ?"

"በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው እናቴ" አለ አሰልጣኙ። "በቡድን ውይይቱ ላይ ያንሱልን።"

እትዬ ቁልፍ እጃቸውን አወረዱ። ሰውዬው እኮ አልሰደባቸውም፣ አመሰገናቸው፤ ምን ይበሉት?

ፊርማው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሲገቡ ፈረሙ፣ ከሻይ ሲመለሱ ፈረሙ፣ ከምሳ ሲመለሱ ፈረሙ። "ሠርጌ ላይ እንኳን የፈረምኩት አንዴ ነው" አላቸው አጠገባቸው የተቀመጠው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። እሱን ተማሪዎቹ "ዝም በሉ" ነው የሚሉት፣ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ ሰምተው ስለማያውቁ። ከሱ ወዲያ የምግብ አዳራሹ፣ የክሊኒኩና የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰዎች አሉ። አምስቱም "የተማሪዎች አገልግሎት" ተብለው አንድ ረድፍ ላይ ተደርድረዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ ለረድፉ ጫፍ አንድ ወረቀት አቀበለ። ጠዋትም የመገኛ ወረቀቱን ያዞረው እሱ ስለነበር ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አሰልጣኙ ተማሪ ሲያናግረን ዓይን ለዓይን መተያየት ያለውን ጥቅም እያብራራ ነው። የስፖርቱ ፈረመ፣ የክሊኒኳ ፈረመች፣ የምግብ አዳራሹ ፈረመ፣ ዝም በሉ ፈረመ። የእትዬ ቁልፍ የማንበቢያ መነጽር ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ማን ያወጣዋል? "ማደሪያ" ከሚለው ትይዩ ያለውን ባዶ ቦታ በዳበሳ አገኙና "ይኸው አለሁ፣ አልሞትኩም" ብለው ፈረሙ። ወረቀቱ በመጣበት ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ከፊተኛው ረድፍ ሌላ ወረቀት ሲመጣ ዝም በሉ "እኛ ፈርመናል" ብሎ ሳያየው ወደ ኋላ አሳለፈው።

አሥር ሰዓት ላይ አሰልጣኙ ዝርዝሩን አንስቶ ፊቱን አጨማደደ። "አምስት ሰዎች አራተኛውን ፊርማ አልፈረሙም" አለና ስማቸውን ጠራ። ረድፉ በሙሉ ነው።

"እንዴት ያለ ነገር ነው" አለ ዝም በሉ። "ከጥበቃው እጅ ተቀብለን አምስታችንም ፈርመናል።"

ጥበቃው ከበሩ አንገቱን አስገባ። "እሱማ የአንዲት ልጅ ክሊራንስ ነው። ተማሪ አይገባም ስላላችሁኝ እኔው ላስፈርምልሽ አልኳት።"

"ምን ዓይነት ልጅ?" አሉ እትዬ ቁልፍ።

"ቀጠን ያለች። ሻንጣ ይዛለች።"

እትዬ ቁልፍ ክው አሉ። ትምህርት አቋርጦ የሚሄድ ተማሪ ከአምስት ቦታ "ንብረታችን በእጁ የለም" የሚል ፊርማ ይሰበስባል፤ ሬጅስትራር ማህተም ሲመታበት አለቀ። ሌላ ጊዜ አምስቱን ሰዎች ፍለጋ ተማሪ ሳምንት ይንከራተታል። ዛሬ በአምስት ደቂቃ ሸኟት፣ ያውም ተማሪ ማድመጥ እየተማሩ።

ቦርሳቸውን አንስተው፣ ስልካቸውን እየከፈቱ ተነሡ።

"እናቴ፣ የማጠቃለያ ፈተናው ቀርቷል። ከወጡ እኮ ሰርተፊኬቱ..."

"ለራስህ ያዘው ልጄ" አሉት።

እነዚያ የታመሙ ጉልበቶች እንዴት ግቢውን እንዳቋረጡ እሳቸውም አያውቁም። ቀጮ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሁለተኛ ተሰልፋለች፣ ሻንጣዋ እግሯ ሥር። የቁልፉን ድምፅ ሰምታ ገና ሳይደርሱ ዞራለች።

"አምጪው እስቲ።"

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አወጡ። የማቋረጫ ምክንያት፦ የግል ጉዳይ። ከሥሩ አምስት ፊርማ፤ የሳቸው ከሁሉም ደምቆ።

"ምነው ሳትጠብቂኝ?"

"ጠበቅኩ እትዬ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ ስሜን ሲያዩ ይወጣሉ ብዬ ወረቀቱን ላክሁ።" ቀጮ መሬት መሬቱን አየች። "ፈርመው ላኩልኝ።"

እትዬ ቁልፍ ስለ መነጽሩ፣ ስለ መገኛ ወረቀቱ ሊያስረዱ አሰቡና አፈሩ። እስክሪብቶ አውጥተው የገዛ ፊርማቸውን ግራና ቀኝ ሰረዙት።

"እትዬ፣ ምን ማድረግዎ ነው?" አለ ሰውዬው ከመስኮቱ ውስጥ። "ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት አንቀበልም እኮ።"

"አውቃለሁ። ለዚሁ ነው" አሉት፤ ወደ ቀጮም ዞሩ። "መሄድ ከፈለግሽ ነገ አዲስ ወረቀት አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ፣ አላስርሽም። ዛሬ ግን ሳልሰማሽ የትም አትሄጂም።"

ልጅቷ ከሰልፉ ወጣ አለች። "የፕሮጀክት አማካሪዬ ነው እትዬ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ቢሮዬ ነይ ይለኛል። እምቢ ስለው ፕሮጀክትሽን አላሳልፍም አለኝ።"

እትዬ ቁልፍ የአማካሪውን ቢሮ ያውቁታል፣ ሄደው በሩን ሊያንቀጠቅጡት ቃጣቸው። ግን የሻንጣውን አንድ ጎን ያዙና ኮሪደሩ ጫፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ድረስ ከቀጮ ጋር ተሸከሙት፣ ተቀመጡ። ስልካቸው ጮኸ፤ አሰልጣኙ ነው። አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ጣሉት።

"በይ" አሏት፣ "ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።"