ሬዲዮው ቀደማት

ከሲድኒ ርቃ ባሕር ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ዊራቢን ውስጥ፣ የበጋው ሙቀት የሚያይልበት ጃንዋሪ ሲገባ ሥራ የሚባል ነገር ይረሳል። ሱቁ ባለቤቱ ሲነቃ ይከፈታል፤ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ በቁምጣ ይመጣል፤ ከከተማ የወረዱት ቤተሰቦች አሸዋው ላይ የቆሻሻ በርሜል ለዒላማ አቁመው ክሪኬት የሚሉትን የኳስና የዱላ ጨዋታ ሲጫወቱ ይውላሉ። ፖለቲካውም አብሮ ይተኛል። ሚኒስትሮቹ በየፊናቸው ውሃ ዳር ናቸው፤ ጋዜጣው ስለ ሻርክና ስለ ማንጎ ካልሆነ የሚጽፈው የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ በሬዲዮ ሲጮሁ የከረሙት ሰዎች ዕረፍት ወጥተው፣ በቦታቸው የተተኩት ወጣቶች ዘፈን እየመረጡ ጠዋቱን ያሳልፉታል። አገሩ ሁሉ የሚስማማው በዚህ አንድ ወር ነው ቢባል ውሸት አይደለም፤ የሚስማማውም የሚያጣላው ሰው ስለሌለ ነው።

ኖሊን ትሬሳይዝ ይህን ወር የምትወደው ወንድሟ ስለሚመጣበት ነበር። ፈርገስ ሲድኒ ውስጥ የጠዋት የፖለቲካ ፕሮግራም አዘጋጅ ነው። የዋሸ ሚኒስትር እጁ ከገባ ላብ በላብ ሳያደርገው አይለቀውም፤ አገር ምድሩ በድምፁ ያውቀዋል። ለኖሊን ግን እናታቸው ከሞተች በኋላ ምሳውን ቋጥራ፣ አፍንጫውን ጠርጋ ትምህርት ቤት የላከችው ልጅ ነው። የወጥ ቤቷ ሬዲዮ ከእሱ ጣቢያ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሱቅ ስትገባ “ወንድምሽ ዛሬ ልክ ልኩን ነገረው አይደል?” ሲሏት ምንም እንዳልመሰላት ሆና ዳቦዋን ትመርጣለች፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ብቻዋን ፈገግ ስትል የሚያያት ጎረቤት አይጠፋም።

እሷ ራሷ የከተማዋ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አለቃ ናት። ደሞዝ የለውም። ያለው ቢጫ ልብስ፣ የዳገት ነገር የማይሆንለት አሮጌ መኪናና እሺ ብለው የሚታዘዟት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ባለፈው በጋ እሳቱ ከጫካው ወርዶ ላይኛውን መንደር በላው። አርች የሚባለው ሽማግሌ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብሎ እዚያው ቀረ፤ እዚያው ሞተ። ሚስቱ ሜርል ቀደም ብላ ወደ ባሕሩ ወርዳ ስለነበር ተረፈች። ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱ ላይ ባሕር ዛፍ ወድቆ መኪናው ማለፍ አቃተው ይባላል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ኖሊን አልጀመረችውም፤ ውሸት ነው ብላም አላረመችውም። እውነቱ ግን የወደቀ ዛፍ አልነበረም። መኪናው እስከ አርች በር ድረስ ደርሶ ነበር፤ እንዲዞር ያዘዘችው ኖሊን ናት።

በዊራቢን ለእንዲህ ያለ ነገር ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ። እሳት ሰው ሲወስድ የቡድኑ አለቃ የሥራ ልብሱን አጥቦ ይለብስና ብቻውን፣ በእግሩ፣ ሟቹ ቤት ይሄዳል። የሆነውን ሁሉ ለቤተሰቡ በራሱ አፍ ይናገራል። እሱ ሳይናገር በፊት መኪናው ላይ ከነበሩት አንዱም ትንፍሽ አይልም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ኖሊን ልብሷን አጥባ ገመድ ላይ እንዳሰጣች የእሳቱን አደጋ ከሚያጣራው ኮሚሽን ጠበቃ መጣና ቡድኑን ሰብስቦ ችሎት ፊት ቃላችሁን እስክትሰጡ ከማንም ጋር እንዳታወሩ፣ ሕግ ነው አላቸው። ችሎቱ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት ሞላው። ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ።

ሜርል ሁሉ ነገሯ ስለነደደ በተቃጠለው ቤቷ ግቢ ውስጥ በቆመ ካራቫን፣ በመኪና በሚጎተት ትንሽ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ኖሊን ድስትና ብርድ ልብስ አመላልሳላታለች። ብቻዋን መሆኗ አሳዝኗት ትንሽ ሬዲዮም ገዝታላታለች፤ ጠዋት ጠዋት ፈርገስን ስሚው፣ ሰው ያለ ይመስልሻል ብላ። ሜርልም የፈርገስ ፕሮግራም ወዳጅ ሆነች። ኖሊን እየሄደች ሻይ ትጠጣለች፣ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፣ ትመለሳለች። በተመለሰች ቁጥር ያን ነገር ሳትነግራት ነው።

በዚህ ዓመት ፈርገስ ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ ማማረር ጀመረ። ፖለቲካው ሞቷል፣ ሚኒስትሮቹ ተደብቀዋል፣ ከዕረፍት ስመለስ ፕሮግራሙን የምከፍትበት ነገር አጥቻለሁ አለ። ኖሊን ሳቀችበትና ይልቅ ሂድ ዋኝ አለችው። ዋኘ። ከልጆቹ ጋር ክሪኬት ተጫወተ፣ ኳሷን ባሕር ውስጥ መታና እንደ ደንቡ ራሱ ዋኝቶ አመጣት። ጀርባው በፀሐይ ተላጠ። ከቀናት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ምግብ እየላጡ ሳለ እህቱን ቀና ብሎ አያትና ከስተሻል አላት። እንቅልፍም የለሽም፣ ማታ ማታ ስትመላለሺ እሰማለሁ፣ ምንድን ነው አላት።

ነገረችው። ጠበቃው “ከማንም ጋር” ሲል ወንድምን መቼም አይጨምርም ብላ አሰበች። ደግሞ ጃንዋሪ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው የሬዲዮው ሰው ሳይሆን እጁ ሽሪምፕ ሽሪምፕ የሚል ታናሽ ወንድሟ ነው።

ጭሱ ቀኑን እንዴት እንዳጨለመው ነገረችው። የመኪናው የውሃ ፓምፕ እየተንተፋተፈ እንደነበር፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ገና አንድ ፍሬ እንደነበሩ፣ እሳቱ መንገዱን ከኋላቸው ሊዘጋው እንደነበር ነገረችው። አርች በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በጉብዝናው ዘመን እሱም የዚህ ቡድን አለቃ ነበርና ነገሩ ገብቶታል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ እነሱ አድርጎ፣ አየሩን እየገፋ “ተመለሱ! ተመለሱ!” አላቸው። ኖሊን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ሹፌሩን ቦይድን አዙር አለችው።

“ይህን ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለባት” አለችው። “ያንን እጁን ልነግራት እፈልጋለሁ። ችሎቱ ባለቀ በዚያው ቀን እሄዳለሁ።”

ፈርገስ በሸተተ እጁ አቀፋት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህን ኖሊን ምላ ትናገራለች። “አይዞሽ ኖሊ” አላት፤ “እዚሁ የተባለው እዚሁ ይቀራል።” ያን ማታ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርግ አድርጋ ተኛች።

ወሩ ሲያልቅ ፈርገስ ወደ ሲድኒ ሄደ። ፕሮግራሙ የተመለሰበት ጠዋት ኖሊን ዳቦዋን እየጠበሰች ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። እንኳን ከዕረፍት በሰላም መጣችሁ ተባለ፣ ስለ ሙቀቱ ትንሽ ተቀለደ። ከዚያ የወንድሟ ድምፅ ዝቅ አለ። ይህን ድምፁን ታውቀዋለች፤ ሰው ሊያስለቅስ ሲል ነው። አንድ የእሳት አደጋ አለቃ እያለቀሰ የነገረኝ ነው፣ ስሙን አልጠራም አለ።

“ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሟል። መኪናው ደርሷል። ዓይን ለዓይን ተያይተዋል። መኪናው ግን ፊቱን አዞረ። ለምን? ፓምፑ አይሠራማ! ሚኒስትሩ አሮጌ ብረት ሰጥቶ እሳት ውስጥ ልኳቸዋላ!”

ኖሊን ዳቦዋን በእጇ እንደያዘች ቆመች። አሁን ስለ እጁ ይናገራል ብላ ጠበቀች። አርች መዳፉን ዘርግቶ ተመለሱ እንዳለ፣ አሁን ይለዋል። የአየር ማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው በኋላ ደግሞ አድማጮች እየደወሉ መኪናው ላይ የነበሩትን ፈሪዎች፣ ሚኒስትሩን ነፍሰ ገዳይ ማለት ጀመሩ።

መኪናዋን አስነስታ ሽቅብ በረረች። ካራቫኑ ጋ ስትደርስ የወንድሟ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። በሩን ስታንኳኳ ድምፁ ጠፋ። ሜርል መጋረጃውን እንኳ ሳትገልጥ “ዛሬ አይሆንም ኖሊን” አለች።

በመመለሻዋ ሱቁ በር ላይ ቦይድን አገኘችው። ቦይድ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። ወደ ጎን ወሰዳት። “እኔ ለሚስቴ አልነገርኩም” አላት። “ዓመት ሙሉ በሌሊት እየባነንኩ ስትጠይቀኝ፣ ሕልም ነው እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። አንቺ ለሬዲዮ ነገርሽ?”

ለሬዲዮ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ሲሰማ ምን እንደሚመስል ሲገባት ዘጋችው።

ለፈርገስ ስትደውል ደስ ብሎት ነበር ያነሳው። ያ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። ሰማሽ ወይ፣ ሚኒስትሩ መድረሻ አጥቷል፣ እስከ ምሳ ሰዓት አዲስ መኪና እንገዛለን ብሎ መግለጫ ይሰጣል፣ ለእናንተ ብዬ እኮ ነው አላት። ስምሽንም አልጠራሁም አለ።

“ዊራቢን ውስጥ ስንት አለቃ አለ ፈርገስ?”

“ዊራቢንንም አልጠራሁም።”

“እጁንስ ለምን አወጣኸው?”

“የምን እጅ?”

“የአርችን። ተመለሱ ያለንን።”

ፈርገስ የመለሰላት ለእንግዳ የሚያስረዳ በሚመስል የትዕግሥት ድምፅ ነበር። “ኖሊ፣ እሱ ከገባ ነገሩ ይበላሻል። ሽማግሌው ራሱ ተመለሱ ካለ፣ ታዲያ ሚኒስትሩ ምን አጠፋ ይሉኛል። ሥራው እንደዚህ ነው።”

ነገ ጠዋት እሱኑ ተናገር፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም አለችው። ነገ ሌላ ርዕስ ይዘናል አላት፤ ከፈለግሽ ግን በስልክ እናስገባሻለን፣ ራስሽ ትናገሪያለሽ፣ እንዲያውም በጣም ጥሩ ይሆናል አለ። ኖሊን ስልኩን ዘጋችው። ሁልጊዜ ሰው ሲያጋልጥ ስታጨበጭብለት ኖራለች። እነዚያ ሰዎችም እንደ እሷ አምነውት አንድ በረንዳ ላይ የሆነ ነገር ነግረውት ይሆን ብላ አንድ ቀን አስባ አታውቅም። አሁን ያሳደገችው ልጅ ሸጧት፣ ሽያጩንም እንደ ውለታ ሊቆጥርባት ይፈልጋል። ሬዲዮውን ከሶኬቱ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ እንደዚያም አድርጋ ንዴቷ አልበረደም።

በማግስቱ ያን ቢጫ ልብስ ከቁም ሳጥኑ አወጣች። ጠበቃው እንደፈለገ ይክሰሰኝ አለች። ከታጠበ ጀምሮ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለተሰቀለ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። በእግሯ ወጣች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወፍራም ልብስ በባሕሩ ዳር መንገድ ስታልፍ የሚያውቋት የከተማው ሰዎች ጨዋታቸውን አቆሙ። እንግዶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ የከተማው ሰዎች ግን የት እንደምትሄድ ገባቸውና ሰላም የሚላት ጠፋ።

ሜርል ከካራቫኑ ደጅ፣ ከተዘረጋው ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ልብሱን ስታይ ቁጭ በይ አለቻት። ኖሊን ግን ደንቡ በቁም ነውና ቆማ ተናገረች። ጭሱን፣ ፓምፑን፣ ልጆቹን፣ በሩን፣ እጁን። አንዱንም አላስቀረችም፣ አንዱንም አላሳመረችም። ሜርል ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“ወንድምሽ ስለ እጁ አላለም” አለች ስትጨርስ።

“ነግሬው ነበር። ቆርጦ አወጣው።”

“አንቺስ ዓመት ሙሉ ምን አደረግሽው?”

“ጠበቃው አትናገሩ ብሎን…”

“ጠበቃው እዚህ መጥቶ ሻይ አልጠጣም” አለች ሜርል። ድምፏ ቁጣ የለበትም። “አንቺ ነሽ የጠጣሽው። ዛፍ ወደቀ ሲሉኝ፣ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነበር።”

ከታች ከባሕሩ ዳር የልጆች ጩኸት ይመጣል። ሜርል ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችና ረጋ ብላ ቀጠለች።

“አርች እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት መጥተሽ ብትነግሪኝ አምንሽ ነበር። አልቅሼ፣ አቅፌሽ፣ ያን እጁን ይዤ ዕድሜዬን እጨርስ ነበር። አሁን ግን አገር ሁሉ ፈሪ ካለሽ በኋላ ነው የመጣሽው። እውነት ይሁን፣ ራስሽን ለማዳን ያመጣሽው ይሁን፣ በምን ልወቅ?”

“ቦይድን ጠይቂው። እሱም አይቷል።”

“ቦይድም እዚያው መኪና ላይ ነበር” አለች ሜርል።

ላቡ በኖሊን ጀርባ ይወርዳል። ልሂድ ብላ ዞር ስትል ሜርል ጠራቻት።

“ቆይ እስቲ። እንዴት ነበር ያደረገው? አሳዪኝ።”

ኖሊን ሁለት እጇን ዘረጋች። መዳፏን ወደ ሜርል አድርጋ፣ አርች እንዳደረገው፣ አየሩን ገፋችው። አንዴ፣ ከዚያም እንደገና። ሜርል ወንበሩን ጨብጣ ወደፊት ዘንበል አለች። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ እጆቹን አየች፤ ባሏን እዚያ ውስጥ የምትፈልግ ይመስል ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና ወንበሩን መልሳ ተደገፈች።

“አይ” አለች፤ “ያንቺ እጅ ነው የሚታየኝ።”