ቤዝ የማይደርስበት መከዳ

አቡ በራክ ዲዋኒያቸውን ሊዘጉ ወስነው ነበር። «ሙቀቱ በረድ ሲል እዘጋዋለሁ» ብለው ለሚስታቸው ለኡም በራክ የነገሯት በሹክሹክታ ነው፤ ቢያንስ እሳቸው ሹክሹክታ መስሏቸዋል። ጆሮው የደከመ ሰው ሹክሹክታ ግን አጥር ይሻገራል። በማግስቱ በኩዌት ሱራ ሰፈር ውስጥ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ዲዋኒያው ከቤቱ ጎን ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ወዳጆቻቸው እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ ኳስ ያያሉ፣ ሰው ያማሉ። አባታቸው ከፍተው ያቆዩትን በር እሳቸውም ፀጉራቸው ጥቁር ሳለ ጀምሮ አንድም ማክሰኞ ሳይዘጉ እዚህ አድርሰውታል። አሁን ግን ነገሩ አላምር አላቸው። ባለፈው ወር አንዱ እንግዳ የወንድሙን ሕመም ሲያወራ፣ ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። ሰውየው ዋጥ አደረገው፤ እሳቸው ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ኳስ ሲታይም የሚነሡት የሰው ፊት እያዩ ነው። ሌላው ጮሆ፣ ተቃቅፎ፣ ተቀምጦ ሲያበቃ እሳቸው ገና ቆመው ያጨበጭባሉ። ሐኪሙ ጆሯቸው ላይ ያደረገላቸው መሣሪያ ሰው በበዛበት ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ እየፈጨ ያንጫጫባቸዋል። አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ልጃቸው በራክ ይህን ሁሉ ከእናቱ ሰምቶ፣ አንድ ቀን ትልቅ ጥቁር ሳጥን እየገፋ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አቡ በራክ።

«ሳብውፈር ነው፣ አባባ» አለ በራክ፣ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ። «ቤዝ የሚያወጣ።»

«ድምፅ ማጉያማ ቤቱን ሞልቶታል።»

«እነዚያ ቀጭኑን ነው የሚያወጡት። ሐኪሙ ምን አለ? የራቀዎት ቀጭኑ ድምፅ ነው እንጂ ወፍራሙ አለ። ይሄ ወፍራሙን ብቻ ነው የሚያወጣው። የደጋፊውን ከበሮ በእግርዎ ይሰሙታል።»

«እኔ በእግሬ የምሰማ ግመል ነኝ?»

«ወሬ ቢያመልጥዎት ደግመን እንነግርዎታለን። ጎል ግን ተደግሞ አይነገርም፣ አባባ። ይሞክሩልኝ። ካልሆነ ይዘጉት፤ እኔም አልከራከርዎትም።»

አቡ በራክ እንቢ ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ልጁ ሳጥኑን ሲጎትት ላቡ በጀርባው ሲወርድ አዩና ተዉት።

በራክ በካሜራ መቆሚያ ላይ አውራ ጣት የምታክል ማይክ ተከለ። ድምፅ ማጉያዎቹን የሚያዘው ማሽን ራሱ ድምፅ እያወጣ፣ በማይኳ ራሱ እየሰማ፣ ለክፍሉ የሚስማማውን ራሱ እንደሚያስተካክል አስረዳ።

«ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

«ዝም ልል። እርስዎም ዝም ይላሉ። ግን መጀመሪያ ዋናው መቀመጫ የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ፤ ሁሉም ነገር የሚለካው ከዚያ ነው።»

አቡ በራክ ያለማመንታት ከበሩ ትይዩ ያለውን፣ ማዕዘኑ ላይ የተነጠፈውን መከዳ አሳዩ። እዚያ የሚቀመጡት የልብ ወዳጃቸው አቡ ጋዚ ናቸው። በራክም መልሶ አልጠየቀም፤ በዚህ አገር ያደገ ልጅ ይህን አይጠይቅም። የክብሩ ቦታ የእንግዳ ነው። የቤቱ ጌታ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የመጣውን ይቀበላል፣ የሚሄደውን ይሸኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አቡ በራክ እስከ ዛሬ ሲያስታውሱት ይስቃሉ። በራክ ሳጥኑን ተሸክሞ የአቡ ጋዚ መከዳ ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጠው፤ ከበሮ ከፈተበት፤ እሱ ራሱ እስከ እግሩ የሚወርድ ዲሽዳሻውን ሰብስቦ ምንጣፉ ላይ በአራት እግሩ ይድህ ጀመር።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ቦታ ነው የምፈልገው። ሳጥኑ የሰው ቦታ ላይ ይሁን፣ እኔ እየዳህኩ ቤዙ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ላግኝ፤ ከዚያ ሳጥኑን እዚያ ሳደርገው ድምፁ እዚህ መቀመጫ ላይ እንዲያው ይጠራል።»

ኡም በራክ በውስጠኛው በር ብቅ ብላ አየችውና፣ «ይሄን ልጅ እንደገና ላሳድገው ነው?» ብላ ተመለሰች።

ሳጥኑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ አገኘ። በራክ ኤሲውን አጠፋ፤ ማሽኑ «ዉዉዉፕ» እያለ ክፍሉን ለካ። ማይኳ ከአንዱ እንግዳ መከዳ ወደ ሌላው እየተዛወረች ሁሉንም አዳረሰች። አቡ በራክ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁ ነበር። የራሳቸው መከዳ እንዳልተለካ እሳቸውም ልብ አላሉትም።

ማክሰኞ ኩዌት ከጎረቤት አገር ጋር ስትጫወት ዲዋኒያው ጢም አለ። ጨዋታው ሲጀመር እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ደረቱን ያዘ፣ ሌላው የሻይ ብርጭቆው ትሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ አሳየ። አቡ በራክ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከበሮውን ጠበቁ። ምንም የለም። መዳፋቸውን ምንጣፉ ላይ አሳረፉ፤ ምንም። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉት። ኤሲው ነፈሰባቸው እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም።

በራክ ከወዲያ ሆኖ በእጁ «እንዴት ነው?» አላቸው።

«ማሻአላህ! ቤቱ ሊፈርስ ነው» አሉ አቡ በራክ። ልጃቸው ፊቱ በራ። እሳቸው ግን አለቀልኝ አሉ በልባቸው፤ ወፍራሙም ድምፅ ሄዷል ማለት ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን የዲዋኒያውን ቁልፍ አዩና ሙቀቱ በረድ እስኪል ስንት ማክሰኞ እንደቀረ ማሰብ ጀመሩ።

በሁለተኛው አጋማሽ ኩዌት አገባች። ሁሉም ተነሡ፤ እሳቸውም ዘግይተው ተነሡና አጨበጨቡ። ዳኛው ጎሉን ሻረው፣ ሰው ሁሉ እየተራገመ ተቀመጠ፤ አቡ በራክ ብቻቸውን ቆመው እያጨበጨቡ ቀሩ። ማንም አልሳቀም። ከሳቅ ይልቅ ይሄ ከበዳቸው።

አቡ ጋዚ ከማዕዘናቸው ተነሡና መጥተው አጠገባቸው ዱብ አሉ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ አልተንቀጠቀጠም። ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉ፤ መልሰው ወደ ማዕዘኑ ሄዱ፤ መልሰው መጡ።

«በራክ» ብለው ተጣሩ፤ «ና እዚህ ተቀመጥ።»

በራክ መጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጠቁር አባቱ አዩት።

«እዚህ ቤዝ የለም» አለ።

«ለእኛ ለጎረምሶቹ ከበሮ ደልቀህ አባትህን በሩ ላይ ጣልከው» አሉ አቡ ጋዚ።

«ዋናው መቀመጫ የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃቸው የእርስዎን አሳዩኝ እኮ፣ አጎቴ።»

«ምን ላሳየው ኖሯል?» አሉ አቡ በራክ፣ አቡ ጋዚ ነገሩን በጆሯቸው ጮኸው ሲነግሯቸው። «እንግዳ ጠርቼ የራሴን መቀመጫ ልለካ?» ግን ድምፃቸው ተሰበረ። ጆሯቸው አልነበረም የሞተው፤ መከዳቸው ነበር።

በራክ አንድ ክፍል ውስጥ ድምፁ የሚከማችበትም የሚሞትበትም ቦታ እንዳለ፣ የሞተውን ማሽኑ ሊያስነሣው እንደማይችል፣ ሳጥኑ ራሱ ቦታ መቀየር እንዳለበት ተናገረ። «ነገ እሠራዋለሁ» አለ።

«ነገ ማክሰኞ ነው?» አሉ አቡ ጋዚ። «አሁን።»

ጨዋታው አልቆ ነበር፤ እንግዶቹ ግን አንዳቸውም አልሄዱም። ሳጥኑ የአቡ በራክ መከዳ ላይ ወጣ። በራክ በአንድ በኩል፣ አቡ ጋዚ ጉልበታቸው እየተንቋቋ በሌላ በኩል ዳሁ። የቀሩት ከየመከዳቸው «ወደ ግራ ነው፣ አንተ ሽማግሌ»፣ «ተወው፣ እዚያው ተኝቶ ይቀራል» እያሉ ያበሽቋቸዋል። ቤዙ አምሮ የተገኘው የት እንደሆነ መጀመሪያ ያወቁት አቡ ጋዚ ናቸው። የራሳቸው ማዕዘን ላይ ነበር። ጎንበስ እንዳሉ መከዳቸውን በገዛ እጃቸው አንሥተው ወደ ጎን ወረወሩት።

«አምጡት» አሉ። «ዕድሜ ልኬን የተቀመጥኩበት ነው፤ አሁን ሳጥኑ ይቀመጥበት።»

አቡ በራክ ሊከለክሉ ተነሡ። እንግዳ ከክብር ቦታው ለሳጥን ሲነሣ ዝም ብሎ የሚያይ የቤት ጌታ የለም። አቡ ጋዚ ትከሻቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው።

ማይኳ የአቡ በራክ መከዳ ላይ ቆመች፤ እሳቸው ከጎኗ ተቀመጡ። ኤሲው ጠፋ። ነሐሴ ነው፤ ክፍሉ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ቤት እንኳ አብረው ዝም ብለው አያውቁም። አሁን ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ላቡ ከግንባራቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ድምፅ እንዳያሰሙ ብለው አይጠርጉትም። የደም ግፊት ያለበት አለ፣ ልቡን የታከመ አለ። ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ለአንድ ሰው ጆሮ ብለው ይቀቀላሉ።

ድምፁ መጣ። በመጀመሪያ የአቡ በራክን ውስጥ እግር ነካ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን፣ ከዚያ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ተኛ። አቡ በራክ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ፤ ልጃቸውን፣ አቡ ጋዚን፣ ወንድሙ የታመመበትን ያን ሰውዬ ሳይቀር። ሰዎቹ ሲወዷቸው ኖረዋል፤ እሳቸው ግን ሸክም የሆኑባቸው መስሏቸው ነበር። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻሉም።

«አልዘጋውም» አሉ ጮክ ብለው። «አላህ ያክብራችሁ። አልዘጋውም።»

ማሽኑ ቀጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ጫጫታ እንዳለ፣ ልኬቱ እንደገና መጀመር እንዳለበት ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«አባባ» አለ በራክ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፤ «አበላሹት እኮ። ከመጀመሪያው ነው።»

«ከመጀመሪያው ይሁን» አሉ አቡ ጋዚ። ኤሲውን አብሩ ያለ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ላባቸውን ጠረጉ፣ ተደላድለው ተቀመጡ፣ ደግመው ዝም አሉ።