የሰርኬ ሴትነት በማኅተም

በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ መተማ አካባቢ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ፣ ሰርኬ ሴት ናት አይደለችም የሚል ክርክር ተነሣ። ሰርኬ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ትራክተር ትነዳለች። ሙያውን ያስተማሯት ሳንጃ ውስጥ መካኒክ የነበሩት አባቷ ናቸው። ሱሪ ትታጠቃለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ ትቆረጣለች፣ ባል የላትም። ለቀን ሠራተኞቹ ይኸው በቂ ማስረጃ ሆነ።

ወሬውን ያቀጣጠለው የቀን ሠራተኞቹን የሚያዘው ካቦ ሸጋው ነው። መጀመሪያ «አንተ» እያለ ይጠራት ጀመር። ቀጥሎ፣ ዝናቡ የዘገየው ሴትም ወንድም ያልሆነ ፍጡር መሬቱን ስለሚያርስ ነው ብሎ አስወራ። ይህን ሁሉ የሚያወራው ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ያስመጣውን ነጭ ጀላቢያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለብሶ፣ ነፋስ ከሥር እየገባለት ነበር። ጀላቢያውን ቀሚስ ነው ያለው ግን ማንም የለም።

ለሰማንያ ሠራተኛ የሚያበስለው አለነም ወንድ ነው። ሽንኩርት ይከትፋል፣ ገንፎ ያገነፋል። እቤቱ ሲሆን ግን ሚስቱ ብትታመም እንኳ ወጥ እንደማያማስል በኩራት ይናገራል። ካምፑ ውስጥ የወንድ የሆነው ሥራ የቤቱን ደጅ ሲሻገር የሴት የሚሆንበትን ምክንያት የጠየቀው አልነበረም።

ዝናቡ አሁንም ቀረ። የእርሻው ባለቤት አቶ ማዕረግ ከጎንደር የመጡ፣ ዘመናዊ ነኝ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ይሁንና ሠራተኛው ጥሏቸው እንዳይሄድ ፈሩ። ሰርኬን ጠርተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ከጤና ጣቢያ አንዲት ወረቀት አምጥታ ነገሩን እንድትዘጋው ለመኗት። ሰርኬ ሥራውን ጥላ ልትሄድ አሰበች፤ ግን ተጋልጣ ሸሸች እንዲባል አልፈለገችም። በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍራ ወደ ከተማ ሄደች።

የጤና ጣቢያው ነርስ ጸዳለ ምኗን እንዳመማት ጠየቀቻት።

«ሴትነቴን» አለች ሰርኬ።

ጸዳለ ታሪኩን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ተናደደች። ከዚያ እስክሪብቶ አነሣች።

ወረቀቱን ሁሉም በተሰበሰበበት ያነበበው አለነ ነው፤ አቶ ማዕረግ አፍረው ለእሱ ሰጡት። እንዲህ ይላል፦ «ወረቀቱን የያዘችው ግለሰብ በተፈጥሮዋ ሴት ናት። ትራክተር የወንድ ነው ያለው ሰው እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ማንን እንደምትወድ የሚለካ መሣሪያ ደግሞ ጤና ጣቢያችን የለውም። ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ወሬውን ያስነሣው ግለሰብም ለተመሳሳይ ምርመራ እንዲቀርብ እናሳስባለን።» ከሥሩ ክብ ማኅተም አለበት።

ሠራተኛው ሁሉ ወደ ሸጋው ዞሮ ሳቀ። ሸጋው ጀላቢያውን ሰብሰብ አደረገና ተነሣ።

«ሴት ከሆነች ታዲያ እኔን ለምን እንቢ አለችኝ?»

እንደጠየቃት የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱ ራሱም ከአፉ ያመለጠውን የሰማው ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው።

«አንተን አለመፈለግ በሽታ አይደለም» አለች ሰርኬ። «ቢሆን ኖሮ ግማሹ አገር አልጋ በያዘ ነበር።»

አለነ፣ ታዲያ የምትፈልገው ማንን እንደሆነ ጠየቃት። ይህ ወረቀቱ ላይ እንዳልተጻፈ ነግራው ትራክተሯን ግሪስ ልታጠጣ ሄደች።

አቶ ማዕረግን ግን በዋዛ አልለቀቀቻቸውም። ለብቻቸው ይቅርታ ሲጠይቋት፣ ያሳፈሯት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በሰው ፊት እንዲያደርጉት ጠየቀች። እያላባቸው አደረጉት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዝናቡ መጣ፤ የአራሹን ፆታ ያጣራ አይመስልም።

ሸጋው በአንድ ቀትር ብቻዋን አገኛትና ጥፋቱን አመነ። ከመጣ አይቀር ብሎ ደግሞ ድጋሚ ጠየቃት። እንቢ አለችው። ምክንያት እንዳላት ሲጠይቃት፣ እንዳላት፣ ግን የራሷ ጉዳይ እንደሆነ ነገረችው። እሱም ወደ ዘሪዎቹ ተመለሰ። ከዚያም ሦስት ክረምት አብረው ሠሩ፤ አልተዋደዱም፣ አልተጣሉምም።