ኦሊታን ተከትሎ ሱቅ የገባው ተርኪ

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው።

በእኛ በኦዛርክ ኮረብታዎች፣ በሚያዝያ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ተቆርጦ ዴልማር ሱቅ ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። ኦሊታ ባሏ በሞተ በስድስተኛው ወር፣ የባሏ ወንድም ሆይት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወንድሜ ያድንበት የነበረውን ባሉጥ ዛፍ ሥር ዘንድሮ የምይዘው እኔ ነኝ" አላት።

"ቦታው የኔ ነው።"

"ምን ልትሠሪበት? መዥገር ልትለቅሚ?"

"አንተን ሠላሳ ዓመት ተሸክሜ የለ? መዥገር ለምጃለሁ።"

ባለሱቁ ዴልማር ሳቀ። ሆይት አልሳቀም። ሦስት ጸደይ ሙሉ ያገሩን አዳኝ ሁሉ ያሳፈረ አንድ ትልቅ ወንድ ተርኪ ነበር፤ አውራው ይሉታል።

"ቅዳሜ እስከ ሰባት ሰዓት አውራውን እዚህ ካላመጣሽ ሸሚዝሽ ይቆረጣል፣ ቦታውንም ትለቂያለሽ።"

"ካመጣሁትስ?"

"የኔን ትቆርጫለሽ።"

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ኦሊታ ጠመንጃዋን ታቅፋ ባሉጡ ሥር ተቀመጠች። ክዳኗ ሲፋቅ የሴት ተርኪ ድምፅ የምታወጣውን የእንጨት ሳጥን አጮኸቻት። አውራው ከማዶ መለሰላት። ጭራውን ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ጭንቅላቱ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ መጣና ጥይት ከማይደርስበት ላይ ቆመ። ሴቷ ወደኔ ትምጣ ነው ነገሩ። አዳኞቹ ሁሉ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ በጥሪ ሲለማመጡት ይብስ ይኮራል። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ንቅንቅ የለም።

"ይቅርብህ እንግዲህ" አለች ኦሊታ። ተነሳች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ሳጥኗን ቀስ አድርጋ እየፋቀች ቁልቁል መንገዷን ቀጠለች።

ጥላው የሄደች ሴት አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ እየሮጠ ተከተላት። ስትቆም ይነፋፋል፣ ስትሄድ ይከተላል። አሁን ዞር ብላ ልትተኩስ ትችል ነበር፤ ግን በገዛ እግሩ ሱቅ ሲገባ ሆይት እንዲያየው ፈለገች።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሱቁ ደረሰች። ሆይት መቀስ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

"ባዶ እጅሽን?"

"ከኋላዬ ነው።"

አውራው ገባ። በዳቦ መደርደሪያውና በማቀዝቀዣው መሃል ጭራውን ዘረጋ፣ ሆይትን አየ፣ ሴቷን ሊቀማው የመጣ ሌላ ወንድ መስሎት እያሳደደ ባንኮኒ ላይ አወጣው።

"አይቆጠርም፤ በሕይወት አለ" አለ ሆይት ከላይ።

"ውረድና ለሱ ንገረው" አለችና መቀሱን ከእጁ ወሰደች። "ዙር።"

"ዙርላት እንጂ ሆይት" አለ ዴልማር፣ "ደንበኛ እየጠበቀ ነው።"

ዞረ። ሸሚዙን እስከ ወገቡ ቆረጠችው። ባሉጡ ሥር ዛሬም የምትቀመጠው እሷ ናት።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ፈጥሬአለሁ፤ ሰዓቷን። ኦሊታ የደረሰችው ሰባት ከአሥር ላይ ነው። ዴልማር ግን ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አላለም፤ ሆይትም ባንኮኒ ላይ ተሰቅሎ ሰዓት የሚጠይቅበት ፊት አልነበረውም።