ለጭረት የማይወጣ ካርድ

"ለትንሽ ትልቁማ ኢንሹራንስ አትንካ፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥልህ።"

ልብስ ሰፊው ይህን የሰማው ገና ለማጅ ሆኖ ቁልፍ ሲተክል ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ከአንድ ደንበኛ ጋር ያወሩ ነበር። እሱ ጠረጴዛው ስር የወደቀ መርፌ ይለቅም ስለነበር የወሬውን ጅራት እንጂ ራሱን አልያዘም። ጅራቱ ግን ልቡ ውስጥ ተሰፍቶ ቀረ።

ስለዚህ ሚስቱ የጤና መድን አባል ካደረገቻቸው ወዲህ ካርዱ ከጸሎት መጽሐፉ ስር አልወጣም። ወፌ የሚሏት ልጁ ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ለምኖ ይሰጣታል። ሲሻላት ያስቆማትና የቀረውን ለሚቀጥለው ያስቀምጣል።

ዛሬ ግን ወፌ የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ አብጧል። ደረቷን ሲነካት ልቧ እንደ ስፌት ማሽኑ ይንደቀደቃል። አዝሏት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ፤ ሚስቱ ካርዱን ይዛ ተከተለችው።

ወጣቷ ሐኪም የወፌን ደረት ደጋግማ አዳመጠች። "ጉሮሮዋን ያማት ነበር?"

"አልፎ አልፎ። ትንሽ ነው፣ ዶክተር።"

"በደንብ ሳይታከም ሲመላለስባት ልቧን ሳይነካው አልቀረም። አምቡላንስ ይጠራና አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄዳለች። ከተረጋገጠ በየወሩ መርፌ ይጠብቃታል፤ ለዓመታት።"

"ልቧን? ከጉሮሮ ተነስቶ?"

"አዎ፣ አባቴ። ካርድ እያላችሁ ምነው ቀድማችሁ አላመጣችኋት?"

"በትንሽ በትንሹ እንዳያልቅብን ብዬ ነዋ!"

"ኧረ አያልቅም! በየዓመቱ ማሳደስ ብቻ ነው። ለጉሮሮም፣ ለተቅማጥም፣ ሳይብስ ኑ ተብሎ እኮ ነው።"

"ማነው ያልቃል ያለህ?" ሚስቱ ጮኸች። "እኔ ስነግርህ የሬዲዮ ወሬ ይመስልሃል!"

አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የወሬው ራስ መጣለት፦ በደንበኛው ጣት ላይ የሚሽከረከር የመኪና ቁልፍ፣ ሽማግሌው በመስኮት አንገታቸውን አስግገው የሚያዩት በሩ የተጫረ ነጭ መኪና።

"መኪና ነው" አለ። "የሚያወሩት ስለ መኪና ኢንሹራንስ ነበር።"

"የምን መኪና? ሰውዬ፣ ጤና የለህም?"

ማጅራቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ አየችው። "ደግሞ ራስህን አመመህ? ሰሞኑን እኮ አልተወህም።"

"ትንሽ ነው፤ ይተወኛል።"

"አባዬ" አለች ወፌ ከተኛችበት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "የኔንም ትንሽ ነው ትል ነበር እኮ።"

አባቷ ሁልጊዜ ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር አወለቀ፤ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ክንዱን ለሐኪሟ ዘረጋ።

"እሺ። አምቡላንሱ እስኪመጣ እኔንም ግፊቴን ለኩኝ።"